ክፍት ምንጭ ወይስ ክፍት ሥርዓት? ለሆስፒታል የመረጃ ሥርዓት ጨረታ ስንጽፍ የቱን እናስቀድም?

መዝገብ ያዥ (ጥያቄውን ያቀረበ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ለአንድ የክልል ሆስፒታል የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ለመግዛት የቴክኒክ መስፈርት በሚያዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የሚቀርበው ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ መሆን ይኖርበታል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ ስለ መረጃ ልውውጥ ግን አንድም መስመር አልተጻፈም። ምክንያቱን ስጠይቅ «ኮዱ ክፍት ከሆነ ከላቦራቶሪውም ከራጅ ክፍሉም ጋር መነጋገሩ የት ይቀራል?» ተባልኩ። እኔ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠቅልለው የቀረቡ ይመስለኛል።

ክፍት ምንጭ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ኮዱን ማን ሊያነብ፣ ሊያሻሽልና ለሌላ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይወስናል። ክፍት ሥርዓት የሚባለው የመገናኛ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሥርዓት ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት ደንብ በይፋ ታትሞ ማንኛውም አምራች ሊከተለው የሚችል መሆኑን ይመለከታል። በዕድሜም ቢሆን ሁለተኛው ይቀድማል። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ክፍት ሥርዓት ግን በ1980ዎቹ የኮምፒውተር ገዥዎች ጥያቄ ነበር፤ የአውሮፓ ኮምፒውተር አምራቾች ኤክስ/ኦፕን የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1984፣ ፖሲክስ የተባለው የስርዓተ ክወና ደረጃ የወጣውም በ1988 ነው። እነዚያ አምራቾች ስለ ክፍትነት የተስማሙት የየራሳቸውን ኮድ በጓዳቸው እንደቆለፉ ነው። በጤናው ዘርፍም የመረጃ ልውውጥ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኤችኤል 7 የተባለው ድርጅት በ1987 ሲመሠረት ዓላማው የተለያዩ ድርጅቶች የሠሯቸው የሆስፒታል ሥርዓቶች መልእክት እንዲለዋወጡ እንጂ ኮዳቸውን እንዲገልጡ አልነበረም።

ገንዘባችንም የመደራደር አቅማችንም ውስን ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አጥብቀን መጠየቅ ብንችል የቱን እናስቀድም? የእኔ ዝንባሌ ወደ ክፍት ሥርዓት ነው፤ ተቃራኒውን ክርክር ግን ከሚያውቀው ሰው መስማት እፈልጋለሁ።


ኮድ ጸሐፊው

እኔ ከኮሚቴዎ ጋር ነኝ፤ ረቂቁም ያጠረ እንጂ የተሳሳተ አይመስለኝም። ደረጃ በወረቀት ላይ ያለ ስምምነት ነው፤ ሰርቨሩ ሌሊት ሲወድቅ ግን ወረቀቱ አያነሣዎትም። አቅራቢው ሥራውን ቢያቆም፣ ቢከስር ወይም የጥገና ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ በእጥፍ ቢጠይቅ፣ ሆስፒታሉን የሚታደገው ኮዱን ከፍቶ የሚያስተካክል የአገር ልጅ መኖሩ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ኦፕን ኤምአርኤስ የተባለው ክፍት ምንጭ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2004 በኢንዲያና የሚገኘው የሬገንስትሪፍ ተቋምና ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የጀመሩት ሥራ ነው፤ መነሻውም በኬንያ ኤልዶሬት የኤችአይቪ ታካሚዎች ቁጥር በወረቀት ሊያዝ ከሚችለው በላይ መሆኑ ነበር። በዚያን ጊዜ ለእንደዚያ ዓይነት ክሊኒክ የሚሆን ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ቢኖር እንኳ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። የእኛ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ፣ ኋላም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያሳደገው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንደ ምርጫ ይዟል። ዝግ ሶፍትዌር ለሚሸጥ የውጭ ድርጅት ጳጉሜን የምትባል የአምስት ወይም የስድስት ቀን ወር እንዲጨምር ደብዳቤ ጽፈው ያውቃሉ? እኔ ጽፌ ዐውቃለሁ፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።


ከባሕር ማዶ (ቨርጂኒያ)

የወንድማችንን ሐሳብ በከፊል እጋራለሁ፤ ነገር ግን እዚህ አሜሪካ ዓይኔ ያየው ታሪክ ወደ ጠያቂው ያደላል።

የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለአሥርተ ዓመታት የተገለገለበት ቪስታ የተባለ የሕክምና መዝገብ ሥርዓት አለ። የተጻፈው መምፕስ በሚባል፣ በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በተፈጠረ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሥራ በመሆኑ ኮዱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ማንም በመረጃ ነጻነት ሕግ ጠይቆ መውሰድ ይችላል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሐኪም የተባለውን ብሔራዊ የኤሌክትሮኒክ ጤና መርሐ ግብር የጀመረችው ይህንኑ ኮድ ወስዳ ነው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ክፍት ኮድ ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቻ ከመቶ በላይ የቪስታ ተከላዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል ኮዱን እንደፈቀደው ሲያሻሽል ስለኖረ አንዱ የሌላውን መዝገብ መረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር መዝገብ መለዋወጥም ዘወትር ችግር ነበር። በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ በግንቦት 2018 ዝግ ሶፍትዌር ከሚሸጠው ከሰርነር ኩባንያ ጋር ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ተፈራረመ፤ ከቀረቡት ዋና ምክንያቶች አንዱ መከላከያው የሚጠቀምበትን ሥርዓት መጋራት ነበር። ዝጉ ሶፍትዌር መድኃኒት ሆነ ለማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ፤ በጥቅምት 2020 በስፖኬን ከተማ ሥራ የጀመረው አዲሱ ሥርዓት ብዙ እክል ገጥሞት በሚያዝያ 2023 ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች መስፋፋቱ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። እኔ የምለው ኮድ ማየትና መዝገብ መለዋወጥ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

በአንጻሩ በታኅሣሥ 2016 የተፈረመው የ21ኛው ክፍለ ዘመን ፈውሶች ሕግ አንድም ድርጅት ኮዱን እንዲገልጥ አላስገደደም። ያስገደደው መረጃ ማገትን መተው ነው። በሕጉ መሠረት የወጣው ደንብ፣ የምስክር ወረቀት የሚፈልጉ አቅራቢዎች እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ፋየር በተባለው የኤችኤል 7 ደረጃ አራተኛ እትም የሚሠራ መገናኛ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ዛሬ ኮዳቸውን ማንም አይቶት ከማያውቅ ትልልቅ ሥርዓቶች ውስጥ ታካሚው የራሱን መዝገብ በስልኩ ማውረድ ይችላል። የእኔ እናት እንኳ የደም ግፊት መድኃኒቷን ዝርዝር በስልኳ ለፋርማሲው ታሳያለች፤ ከበስተጀርባው ያለው ኮድ የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።


ባዮሜዲካል መሐንዲስ

ስለ ራጅ ክፍሉ ልጨምር፤ ለጠያቂው ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እዚያ ያለ ይመስለኛል። የሲቲ ስካን መሣሪያ የገዛ ሰው ኮዱን አያገኝም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በ1985 ባወጡት የመጀመሪያ ደረጃ ጀምረው በ1993 ዳይኮም ብለው ባሳተሙት ደንብ ምክንያት፣ የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ያነሣው ምስል በሌላው ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ሰነዱ በነጻ ይገኛል፤ አምራቹም መሣሪያው የትኞቹን የደረጃው ክፍሎች እንደሚፈጽም የሚዘረዝር የተስማሚነት መግለጫ ያዘጋጃል። በግዥ ጊዜ ይህን መግለጫ ጠይቆ የሚያነብ ኮሚቴ ግን እምብዛም አይገጥመኝም፤ የመሣሪያው ቀለም ላይ ሲከራከሩ ያየሁባቸው ጊዜያት ይበዛሉ።

ዳይኮምም ቢሆን ማምለጫ ቀዳዳ አለው። አምራቹ የራሱን መረጃ የሚያስቀምጥበት፣ ጎዶሎ የቡድን ቁጥር የተሰጠው የግል ክፍል ተፈቅዶለታል። አንዳንድ ጊዜ ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ልኬት የሚቀመጠው እዚያው ውስጥ ስለሆነ ምስሉ ተነብቦ ልኬቱ ይጠፋል። ይህን ያስተዋልኩት ኦርታንክ የተባለውን፣ በቤልጂየም ሊዬዥ የተሠራ ክፍት ምንጭ የምስል ሰርቨር አስቀምጬ ፋይሉን አንድ በአንድ ስመረምር ነው። ስለዚህ ደረጃው በሩን ከፈተልኝ፣ ክፍት ምንጩ ደግሞ መብራቱን አበራልኝ ብል አላጋነንኩም።

ላቦራቶሪው የባሰ ነው። ብዙዎቹ የደም መመርመሪያ ማሽኖች ዛሬም ውጤት የሚልኩት ኤኤስቲኤም የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ባወጣው አሮጌ የመልእክት ደንብ፣ አንዳንዶቹም በተከታታይ (ሲሪያል) ገመድ ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሰነዱ በገንዘብ የሚሸጥ ሲሆን፣ አምራቹ የትኛውን መስክ እንዴት እንደሞላው የሚገልጸው መመሪያ ከማሽኑ ጋር አብሮ ካልመጣ ሳምንታት ይበላል። በአንድ ሆስፒታል የማሽኑን መገናኛ መመሪያ ለማግኘት ስድስት ወር የወሰደብኝ ጊዜ አለ፤ እስከዚያ ድረስ ነርሶቹ ውጤቱን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በእጃቸው ይገለብጡ ነበር።


ኮድ ጸሐፊው

አባባልዎ ተመችቶኛል፤ መብራቱ የሚለውን ግን ወደ ራሴ ክርክር ልሳበው። ሆስፒታሎችን በኤችኤል 7 መልእክት በማገናኘት በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሚርት ኮኔክት የተባለ ሶፍትዌር አለ። ከ2006 ጀምሮ ክፍት ምንጭ ነበር፤ በ2025 ባለቤቱ ድርጅት ከ4.6 እትም ጀምሮ በሚከፈልበት ዝግ ፈቃድ ብቻ እንደሚያቀርበው አስታወቀ። ዝግ ሆኖ የተወለደ ቢሆን ተጠቃሚው ከመክፈል ወይም ከመተው ውጭ ምርጫ አልነበረውም። የቀደሙት እትሞች ፈቃድ ግን ወደኋላ ሊነጠቅ ስለማይችል፣ ገንቢዎች ከመጨረሻው ክፍት እትም ተነሥተው የራሳቸውን ቅርንጫፍ ቀጥለዋል። ይህን ዕድል የሰጣቸው የትኛው ደረጃ ነው?


ከባሕር ማዶ (ቨርጂኒያ)

በዚህ ነጥብ እጄን አነሣለሁ፤ ቅርንጫፉን ያስቻለው ፈቃዱ ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ታሪክ ከሌላው ጎን ይመልከቱት። እኔ ባለሁበት ቦታ ውሳኔው እንደተሰማ አማራጭ ማማተር ጀመርን። በቱቦው ውስጥ የሚፈሰው መልእክት የኤችኤል 7 ሁለተኛ እትም ስለሆነ ላኪውም ተቀባዩም ሥርዓት ምንም መነካት አላስፈለገውም፤ የሚቀየረው መሐል ያለው ቱቦ ብቻ ነው። የከበደን በሶፍትዌሩ ውስጥ ለዓመታት የጻፍናቸውን የመልእክት መለወጫ ጽሑፎች ማዛወር ነው፤ እነሱ የየትኛውም ደረጃ አካል አልነበሩም። ከደረጃው የወጣነው በራሳችን ፈቃድ ነበርና የተቸገርነውም በዚያው ልክ ነው።


የመረጃ ባለሙያዋ

እስካሁን ሁላችሁም ደረጃው አንዴ ክፍት ከሆነ ሁሉንም እኩል የሚያገለግል አድርጋችሁ ተናግራችኋል። እኔ በካርድ ክፍልና በሪፖርት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ከዚያ በታች ያለውን አፈር ላሳያችሁ።

ፋየርን እንውሰድ። ከፈቃድ አንጻር ከዚህ የበለጠ ክፍት ደረጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ መብቱ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 አውስትራሊያዊው ግሬሃም ግሪቭ ባቀረበው ረቂቅ ነው። በዚህ ደረጃ የሰው ስም የሚጻፈው የቤተሰብ ስምና የግል ስም በሚሉ መስኮች ነው። የእኛ ሰው ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። አንዱ ሆስፒታል የአባትን ስም በቤተሰብ መስክ ያስገባል፤ ሌላው የአያትን። ሁለቱም ደረጃውን አልጣሱም፤ ሁለቱም የተስማሚነት ፈተና ያልፋሉ፤ አንዲት ታካሚ ከአንዱ ወደ ሌላው ሪፈር ስትባል ግን ሁለት ሰው ሆና ትገኛለች። ፀሐይ የምትባል ከሆነች ደግሞ በሁለቱ ጸ፣ በሦስቱ ሐ ተባዝታ ፍለጋው ጭራሽ ይከብዳል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ያለውን ትርምስ ባላነሣው ይሻላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የፋየር ቀን የሚጻፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ሲሆን፣ ሙሉ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ዓመቱን ብቻ መጻፍ ይፈቀዳል። አስተዋይነት የተሞላበት ፈቃድ ይመስላል። ነገር ግን «በ1980 ነው የተወለድኩት» የሚሉ አዛውንት ባይሆኑም ጎልማሳ ካርድ ክፍል ሲመጡ፣ የእኛ 1980 ከመስከረም 1987 እስከ መስከረም 1988 እ.ኤ.አ. የተዘረጋ ስለሆነ ከሁለቱ የፈረንጅ ዓመታት አንዱን መምረጥ ያልተናገሩትን መጨመር ነው። ጸሐፊዋ ሳትቀይር እንዳለ ካስገባችው ደግሞ ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ። ለጎልማሳ ይህ ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ በጥር 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በጥር 2015 እ.ኤ.አ. እንደተወለደ ተቆጥሮ ስምንት ዓመት ሲጨመርበት ግን የዕድገት መለኪያውም የመድኃኒት መጠኑም ይሳሳታል።

ኮድ ጸሐፊው «እንግዲያው ክፍት ምንጭ ይሁን፣ እናስተካክለዋለን» እንደሚል ዐውቃለሁ። ወንድሜ፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል በራሱ መንገድ ካስተካከለው ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን የነገረን የቪስታ ታሪክ ይደገማል። በኦፕን ኤምአርኤስም ቢሆን እያንዳንዱ ተከላ የራሱን የፅንሰ ሐሳብ መዝገበ ቃላት ሊያበጅ ስለሚችል፣ አንዱ ጋ «የወባ ምርመራ» የተባለው ሌላው ጋ በሌላ ቁጥር ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ አንድ፣ ፈቃዱ አንድ፣ ቋንቋው ግን ሁለት ይሆናል። የሚያስፈልገው የሦስቱ ስሞች አቀማመጥና የቀኑ አመዘጋገብ በአገር ደረጃ አንድ ጊዜ ተወስኖ፣ ከፋየር ላይ እንደ አገር አቀፍ መመሪያ ታትሞ፣ ሻጩ ዝግም ይሁን ክፍት እንዲከተለው ማድረግ ነው። ፋየር ለዚህ የማስፋፊያ መንገድ አለው። ክፍትነት ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ደንቡ ሲጻፍ ባንኖርም፣ ከደንቡ ሳንወጣ የራሳችንን አንቀጽ ለመጨመር ማንንም ማስፈቀድ የለብንም።


አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ከመስመር ካልወጣሁ፦ ክፍት የተባለው ሁሉ ነጻ ነው ማለት ነው?


የመረጃ ባለሙያዋ

አይደለም፤ በጀት ላይ ስለሚመጣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤችኤል 7 ራሱ ደረጃዎቹን ያለ ክፍያ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት በአባልነትና በግዥ ነበር። የላቦራቶሪ ምርመራዎች መለያ የሆነው ሎይንክ በነጻ ይሰጣል። የሕክምና ቃላት መለያ የሆነው ስኖሜድ ግን በፈቃድ ነው፤ አባል ባልሆነ አገር የሚጠየቀው ክፍያ እንደ አገሩ የገቢ ደረጃ ይለያያል። አቅራቢው በየትኛው የኮድ ዝርዝር እንደሚሠራ ሳይጠየቅ የተፈረመ ውል ኋላ ላይ ያልታሰበ ወጪ ያመጣል።


መዝገብ ያዥ (ጥያቄውን ያቀረበ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ለኮሚቴው ባቀረብኩት አዲስ ረቂቅ ላይ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አልሰረዝኩትም፤ ከግዴታነት ወደ ተጨማሪ ነጥብ አወረድኩት። ኮድ ጸሐፊው ቅር እንዳይላቸው፣ ዝግ ሶፍትዌር የሚያቀርብ ተወዳዳሪ ሥራውን ቢያቆም ኮዱ ለሆስፒታሉ የሚተላለፍበትን በሦስተኛ ወገን የሚያዝ የአደራ ውል እንዲያቀርብ ጠይቄያለሁ።

ግዴታ ያደረግኩት ሌላውን ነው። ሥርዓቱ የታካሚውን መሠረታዊ መረጃ፣ የምርመራ ትእዛዝና ውጤት በፋየር አራተኛ እትም ማውጣትና መቀበል አለበት፤ ምስሉ በዳይኮም፣ የላቦራቶሪው ማሽን መመሪያም ከማሽኑ ጋር በአባሪነት ይመጣል። ስምና ቀንን በተመለከተ የመረጃ ባለሙያዋ የጻፉትን ቃል በቃል ወስጃለሁ፤ ታካሚው የተናገረው የኢትዮጵያ ቀን ሳይለወጥ እንዲቀመጥና የተሰላው የጎርጎርዮስ ቀን ለብቻው እንዲጻፍ የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ጨምሬያለሁ። ከአሜሪካው ደንብም አንድ ነገር ተውሻለሁ። እዚያ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አቅራቢው የአንድ ታካሚንም ሆነ የሁሉንም ታካሚዎች ሙሉ መዝገብ አውጥቶ መስጠት የሚችል መሆን አለበት፤ የፋይሉ ቅርጽ የግድ የታወቀ ደረጃ ባይሆንም መግለጫው በይፋ መታተም አለበት። እኛም ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ መቶ የሙከራ ታካሚዎች ገብተው፣ መዝገባቸው ከሥርዓቱ ወጥቶ በሌላ ሶፍትዌር ላይ እንዲነበብ ጠይቀናል። ኮሚቴው ተስማምቷል፤ የፋይናንሱ ኃላፊ ብቻ «ከመግዛታችን በፊት መውጫውን የምንፈትነው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ካርድ ክፍል ወስጄ ከሁለት የቀድሞ ሶፍትዌሮች የተረፉትን፣ ማንም ሊከፍታቸው ያልቻለ የመጠባበቂያ ዲስኮች አሳየኋቸው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሙከራውን የሚመራ ገለልተኛ ባለሙያ ሆስፒታሉ የለውም፤ አቅራቢው ራሱን እንዲፈትን ደግሞ አልፈልግም።


ባዮሜዲካል መሐንዲስ

ለዳይኮሙ ክፍል እኔ እመጣለሁ፤ ኦርታንኩን በላፕቶፔ ይዤ እመጣለሁና የራጅ ክፍሉ የኔትወርክ መስመር እንዲዘጋጅልኝ ብቻ ይንገሩልኝ።


ኮድ ጸሐፊው

የፋየሩን መፈተሻ ሰርቨር እኔ አቆማለሁ። ሃፒ ፋየርን እጠቀማለሁ፤ ክፍት ምንጭ መሆኑን ግን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍሩልኝ እለምናለሁ።